ፕሮፌሰር አስራት ደብረ ብርሃን ላይ ምን አጠፉ? ሰሞኑን ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ደጋግሞ ደርሶኛል። የላኩልኝ አብዛኞቹ የደብረ ብርሃን ልጆች ናቸው። ግማሾቹ "እውነቱን ነው" ይላሉ፣ ግማሾቹ "እንዴት እንዲህ ይባላል?" ይላሉ። ጽሑፉ ስለ ሐኪሙና ስለ ፖለቲከኛው ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ነው። በእሳቸው በኩል አድርጎ ግን የሚመክረው የዛሬዎቹን የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎች ነው። አገር በሚከፋፍል ጉዳይ ላይ አትናገሩ፣ ይላቸዋል ባጭሩ።

ጸሐፊው አልተሳደቡም። ነገራቸውን በሥርዓት አስቀምጠዋል፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ግን ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ስህተቱም ቀላል አይደለም። ምክራቸው ተሰምቶ መሪዎቹ ሁሉ ዝም ቢሉ የሚጎዳው ተራው ሕዝብ ነው። ስለ እሱ ሌሎች ሲወስኑ፣ በስሙ ተነስቶ "ይህ አይሆንም" የሚል ሰው ያጣል።

በቅድሚያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ፕሮፌሰር አስራት በሰኔ 1983 ዓ.ም. የሽግግር ጉባኤ ላይ የተገኙት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው ነው፤ የኤርትራን መገንጠል እንዲቃወሙ ግን ማንም አልወከላቸውም፣ ይላሉ ጸሐፊው። ይህ አንደኛው ነጥባቸው ነው። ሁለተኛው፣ ተቃውሟቸው ምንም አልለወጠም፤ ኤርትራ ሄደች፣ እሳቸው ያተረፉት ጠላት ብቻ ነው የሚል ነው። ሦስተኛ፣ ስለ አንድነት ተከራክረው ሲያበቁ የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን፣ መአሕድን፣ መሠረቱ፤ የተቃወሙትን የብሔር ፖለቲካ ራሳቸው አጸኑት ይላሉ። አራተኛ፣ በታኅሣሥ 1985 ደብረ ብርሃን ላይ ተናግረው "የትውልድ አገራቸውን" ሰሜን ሸዋን ለመከራ ዳረጉ። በመጨረሻም ከዚህ ሁሉ ትምህርት ያወጣሉ። ተቃዋሚ መሪ ሥልጣን እስኪይዝ ድረስ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ዝም ቢል ይሻላል። አቋማቸውን ያወጡት ወይ ታሰሩ ወይ ፈረሱ፤ ዝም ያሉት ግን ሹመት አግኝተው እየሠሩ ነው።

ከአራተኛው እጀምራለሁ። ደብረ ብርሃን ቤቴ ስለሆነ።

ትንሿን ስህተት አርሜ ልለፍ። ፕሮፌሰር አስራት የተወለዱት በ1920 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። ያደጉት ድሬዳዋ ነው። እስክንድርያ ተምረው፣ ኤደንብራ ሕክምና አጥንተው የተመለሱ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ፋኩልቲ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ናቸው። ደብረ ብርሃን የመጡት እንደ ፓርቲ መሪ ሕዝብ ሊያነጋግሩ ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፎ ነበር። ጽሑፉ "የትውልድ አገራቸው" የሚለውን ደጋግሞ የሚያነሳው ነገሩን የጎጥ ቅስቀሳ ለማስመሰል ከሆነ፣ መነሻው ራሱ ልክ አይደለም።

ወደ ዋናው ልምጣ። መከራውን ማን አመጣው? የጊዜውን ቅደም ተከተል ብናይ ይበቃል። አርሲ ውስጥ አርባ ጉጉ ላይ ሰው በማንነቱ ሲገደልና ቤቱ ሲቃጠል የደብረ ብርሃኑ ሰልፍ ገና አልተደረገም። ሐረርጌ ውስጥ በደኖ ላይ ሰው ገደል ሲወረወርም እንዲሁ። መአሕድ ራሱ በጥር 1984 ሲቋቋም የአማራው መገደልና መፈናቀል ተጀምሯል፤ ለመቋቋሙ ምክንያት የሆነውም ይኸው ነው። ታኅሣሥ 1985 የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎች ሲሞቱ አይቶ የጮኸን ሰው፣ ሞቱን ያመጣው የእሱ ጩኸት ነው ማለት አይቻልም። ቀኑ አይገጥምማ!

ከዚያስ ምን ሆነ? ፕሮፌሰር አስራት ተከሰሱ። በ1986 ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። በ1987 ደግሞ ሦስት ዓመት ተጨመረባቸው፤ ይህኛው ከደብረ ብርሃኑ ንግግር ጋር የተያያዘ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የኅሊና እስረኛ ብሏቸዋል። እስር ቤት ውስጥ ታመሙ። ለሕክምና ወደ ውጭ እንዲሄዱ የተፈቀደው በታኅሣሥ 1991 ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት 6 ቀን አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ አረፉ። አንድ ሐኪም ተናግሮ ታሰረ፣ ታሞ ሞተ። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ ጽሑፋቸው ላይም ጠቅሰውታል። ጥፋቱን የጫኑት ግን በተናጋሪው ላይ ነው። በዚህ ስሌት ከሄድን አሳሪ የሚባል ሰው አይኖርም፤ እስረኛ ሁሉ ራሱን ያሰረ ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። ጽሑፉ ንግግሩን "ቀስቃሽ" ይለዋል፣ "ኃላፊነት የጎደለው" ይለዋል። ከንግግሩ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አያመጣም። እስኪ ጥፋት ነው የሚሉትን አንዱን መስመር አውጥተው ያሳዩን። ያን ጊዜ በእሱ ላይ እንነጋገራለን። የፍርድ ቤት ፍርድን ብቻ ማስረጃ ማድረግ፣ ያውም ዳኝነቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ በተተቸበት ጉዳይ፣ ውሃ አያነሳም።

እዚህ ነጥብ ላይ የምቀበላቸው ነገር አለ፤ ሸፋፍኜ ማለፍም አልፈልግም። ሰው ወደ አደባባይ የሚጠራ ፓርቲ፣ የጠራው ሰው ሲታሰር ጠበቃ ሊያቆምለት፣ ቤተሰቡን ሊጠይቅለት ይገባል። ያኔ ከመሪው ጋር ብዙ የድርጅቱ አባላት ታስረዋል። የመሪው ስም ሲነሳ የእነሱ አይነሳም። ማን ከየትኛው ወረዳ ታሰረ፣ ማን ከሥራው ተባረረ፣ ማን ሳይመለስ ቀረ የሚለውን ሰብስቦ የያዘ የፓርቲ መዝገብ ዛሬ እዚህ ብትጠይቁ የሚያሳያችሁ የለም። ይህ የመሪነት ጉድለት ነው። ጸሐፊው ይህንኑ ለይተው ቢወቅሱ ኖሮ አብሬያቸው እፈርም ነበር። ጉድለቱ ግን ተከታይን ያለመጠበቅ ነው። "ባይናገሩ ኖሮ" የሚል መደምደሚያ ከዚህ አይወጣም።

ዛሬ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በእሳቸው ስም ይጠራል፤ አስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹን አያቸዋለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ነጩን ጋዋን ከጃኬት በላይ ደርበው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ይሄዳሉ። ከእነሱ አንዱን ስለ ስሙ ጠይቄው ነበር። ትልቅ ሐኪም እንደነበሩ ያውቃል። ለምን እንደታሰሩ፣ ከታሰሩበት ምክንያት አንዱም እዚሁ እሱ በሚማርበት ከተማ የተናገሩት ንግግር መሆኑን ግን አልሰማም። በልጁ አልፈርድበትም፤ የነገረው ሰው የለም። እንዲህ ያለ ወጣት ስለ እሳቸው የሚያነበው የመጀመሪያ ጽሑፍ ይህ "ዝም ቢሉ ይሻል ነበር" የሚለው ከሆነ ግን ያሳዝነኛል። ይህን ምላሽ ለመጻፍ የተነሳሁትም በዋናነት ለእሱና ለመሰሎቹ ብዬ ነው።

የውክልናው ጉዳይ ብዙ አያቆየንም። ተቋም ወክሎ የሄደ ሰው የተቋሙን ሐሳብ ከራሱ ሐሳብ ለይቶ መናገር አለበት የሚለው መርህ ትክክል ነው። እቀበላለሁ። ግን መስፈርቱ ለአንድ ሰው ብቻ ለምን ይሆናል? ጉባኤው በተደረገበት አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል በሕዝብ ድምፅ ተመርጦ የመጣ አንድም አልነበረም። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ገና ወር ከምናምን ነው። ከተጋበዙት ድርጅቶች አንዳንዶቹ ለጉባኤው ሲባል በጥድፊያ የተቋቋሙ ነበሩ። ኢሕአፓና መኢሶን አልተጠሩም። ሻዕቢያ በታዛቢነት ተቀምጧል። ይህ ስብስብ ነው እንግዲህ የብሔር ብሔረሰቦችን መብት እስከ መገንጠል አድርሶ ቻርተር ያጸደቀው፣ የኤርትራም ጉዳይ በሕዝበ ውሳኔ እንዲያልቅ የተቀበለው።

እንግዲህ ውክልና ከሌለ፣ ውክልና የሌለው ሰው ምን ማድረግ ነበረበት? እሺ ማለት ወይስ አይሆንም ማለት? እሺ ያለው ሰው ተመልሶ ሊከፈት የማይችል ነገር ይዘጋል። አይሆንም ያለው ነገሩ ለባለቤቱ፣ ለሕዝቡ፣ ይቆይ ማለቱ ነው። የጸሐፊውን የውክልና ክርክር እስከ መጨረሻው ብንወስደው ፕሮፌሰር አስራትን ነጻ ያወጣና እጃቸውን ያነሱትን ሁሉ ይጠይቃል።

"ምንም አልለወጠም" በሚለው ላይ ግን ረዘም አድርጌ ልናገር። ብዙ ሰው የተስማማው በዚህኛው ነውና።

በመጀመሪያ፣ ስለ ኤርትራ ሕዝብ ውሳኔ እንደገና እንከራከር እያልኩ አይደለም። በሚያዝያ 1985 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 99.8 በመቶው ነጻነትን መርጧል። ያ የእነሱ ድምፅ ነው፤ አከብረዋለሁ። ፕሮፌሰር አስራት ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ተንብየው ነበር ብዬም አላጋንንም።

ግን መለያየት አንድ ነገር ነው፣ እንዴት እንለያይ የሚለው ሌላ ነው። ባልና ሚስት እንኳ ሲፋቱ ሽማግሌ ተቀምጦ ቤቱ የማን ነው፣ ከብቱ እንዴት ይከፈል፣ ልጆቹ ከማን ጋር ይሁኑ ይባላል። እዚህ ግን ወሰኑ መሬት ላይ አልተካለለም። አሰብን ኢትዮጵያ በምን ዓይነት መብት እንደምትጠቀም የሚያጸና፣ ጊዜ የሚሻገር ስምምነት አልነበረም። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ኤርትራዊ ዜግነቱ የየትኛው አገር እንደሆነ በግልጽ አልተቀመጠም። ገንዘቡ ተለይቶ ናቅፋ ሲመጣ ንግዱ በምን ይሁን በሚለው ተጣሉ። ይህ ሁሉ ተንጠልጥሎ ነው መለያየቱ የታወጀው።

ውጤቱን አየነው። በግንቦት 1990 ባድመ ላይ ጦርነት ተነሳ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የሁለቱም አገር ልጆች አለቁ። የአልጀርሱ ስምምነት የተፈረመው በታኅሣሥ 1993 ነው። በሚያዝያ 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። ከዚያም እስከ 2010 ድረስ ሰላምም ጦርነትም የሌለበት ጊዜ ሆነ። ወደ መንዝ ወይም ወደ ተጉለት ገጠር ስትወጡ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ታያላችሁ። ዝንጉርጉር የወታደር ልብስ የለበሰ፣ ጢም ገና ያላበቀለ ልጅ፤ ዙሪያውን የፕላስቲክ አበባ ተደርጎለታል። እናትየው "ባድመ ነው" ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። ለዚህች እናት የ1983ቱ ጉባኤ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

የዜግነቱ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ሕዝበ ውሳኔው ሲደረግ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኤርትራውያንም ድምፅ ሰጥተዋል። ያኔ "ብትመርጡ ኢትዮጵያዊነታችሁን ታጣላችሁ" ያላቸው አልነበረም። ጦርነቱ ሲነሳ ግን ያ ድምፅ ማስረጃ ሆኖ መጣባቸው። ወደ 75,000 የሚጠጉ ኤርትራዊ ሥር ያላቸው ሰዎች ከኢትዮጵያ ተባረሩ። ባል ሲባረር ሚስት የቀረችበት፣ እናት ስትሄድ ልጅ የቀረበት ቤት ብዙ ነው። ነገሩ ሳይጠራ አንጣደፍ ያለ ሰው ቢሰማ ኖሮ፣ ቢያንስ ይህ ጥያቄ አስቀድሞ በወረቀት ይቋጭ ነበር። ስለዚህ ተጠቃሚ ይሆን የነበረው ኢትዮጵያዊው ብቻ አይደለም፤ ኤርትራዊውም ነበር።

ይኸው ዛሬም ተመልሰን እዚያው ነን። ከጥቅምት 2016 ጀምሮ የባሕር በር እንደገና የአገር መነጋገሪያ ሆኗል። አሰብ በየቡና ቤቱ ይነሳል። ያኔ "ዝጋው፣ አልፏል" የተባለው ጉዳይ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የትናንት ያህል ትኩስ ነው። የተቃውሞ ዋጋ በዚያው ሳምንት ድምፅ በማሸነፍ ብቻ አይለካም። የአስራት ተቃውሞ ውሳኔውን አላስቆመም፤ እውነት ነው። ግን ማንም ተነስቶ "ያኔ የተቃወመ አልነበረም፣ ሁላችንም ተስማምተን ነው" ሊል አይችልም። እሳቸው ዋጋውን ከፍለውበታል። በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተባረሩት ከ40 በላይ መምህራን አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ሦስተኛው የጸሐፊው ጠንካራ ነጥብ ነው። ለአገር አንድነት የተከራከረ ሰው በወራት ውስጥ በአንድ ሕዝብ ስም የተጠራ ድርጅት ሲመራ ማየት ግር ይላል። ይህን የሚሉት ጸሐፊው ብቻ አይደሉም፤ በጊዜው የነበሩ የአንድነት ሰዎችም ብለውታል። ስሙ ድርጅቱን አጥሮታል። ድሬዳዋ ያደገውን፣ ከሁሉም ብሔር የመጣ ተማሪ ያስተማረውንና ታካሚ ያከመውን ሐኪም የአንድ ወገን መሪ ብቻ አድርጎ እንዲታይ አስችሏል። እዚህ ድረስ እስማማለሁ።

ከዚያ ወዲያ ግን አልሄድም። በ1984 ምን አማራጭ ነበር? የሽግግሩ ምክር ቤት 87 መቀመጫ የተደለደለው በአብዛኛው በብሔር ድርጅቶች መካከል ነው። በብሔር ያልተደራጀ ጠረጴዛው ላይ ብዙም ቦታ አልነበረውም። አማራውን እወክላለሁ ያለው ኢሕዴን የኢሕአዴግ አካል ነው፤ ስሙን ወደ ብአዴን የለወጠውም በ1986 ነው። አርባ ጉጉ ላይ ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ አቤት ልበል ቢል በማን በኩል? ፕሮፌሰር አስራት ያንን ክፍተት ሞሉ። የተቃወሙትን ሥርዓት አጸደቁት ማለት፣ ቤት ሲቃጠል በእሳቱ በኩል የገባን ሰው እሳቱን ደገፈ እንደ ማለት ነው። ደግሞም የድርጅቱን ታሪክ እስከ መጨረሻው እንከተል። ከእሳቸው በኋላ ዋናው ክፍል ራሱን ወደ መላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት፣ መኢአድ፣ ለውጧል። የብሔር ፖለቲካን ሊያጸና የተቋቋመ ድርጅት ይህን አያደርግም።

የቀረው ምክሩ ነው። "ዝም በሉ" የሚለው።

ጸሐፊው የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት የነበረውን ቅንጅትን ምሳሌ አድርገዋል። አቋሙን ጮክ ብሎ አወጣ፣ ከዚያ ፈረሰ፣ ይላሉ። የሆነውን እናስታውስ። በ1997ቱ ምርጫ ክርክሩ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። የመገንጠልን መብት የሚሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ይቅር ወይስ ይኑር፣ መሬት የማን ይሁን፣ ፓርቲዎቹ ፊት ለፊት ተከራከሩ። ኢሕአዴግ የራሱን ይዞ፣ ሌላው የተቃዋሚዎች ጥምረት ኅብረት የራሱን፣ ቅንጅት የራሱን። ሕዝቡ ልዩነቱን አውቆ መረጠ። ቅንጅት ከ547ቱ የፓርላማ መቀመጫ 109 እንዳገኘ ተገለጸ። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። ይህ የመጣው ዝም ብለው አይደለም። ግልጽ ስለነበሩ ነው።

የፈረሰውስ በምን ፈረሰ? ፓርላማ እንግባ አንግባ በሚለው መሪዎቹ ተከፋፈሉ። ታሰሩ። በሐምሌ 1999 ከተፈቱ በኋላ በመካከላቸው የነበረው ቅራኔ ጎልቶ ወጣ። እዚህ ላይ መሪዎቹ ተጠያቂ ናቸው፤ ያን ያህል ተስፋ የጣለባቸውን ሕዝብ ሜዳ ላይ ጥለውታል። እኔም እንደ ብዙ ሰው ያን ጊዜ አዝኜባቸዋለሁ። ግን አንቀጽ 39ን በመቃወማቸው አልፈረሱም። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት የሚፈቱበት ሥርዓት ስላልነበራቸው ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ደባልቀው አንዱን መድኃኒት ለሌላው በሽታ አዘዙ።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። ከሰኔ 2013ቱ ምርጫ በኋላ፣ መስከረም 2014 ላይ፣ የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ (ኢዜማ) መሪ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ትምህርት ሚኒስትር፣ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ሊቀ መንበር አቶ በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆነዋል። ጸሐፊው "ሠርተው አሳዩ" የሚሉት እነዚህን ነው። ሹመት መቀበል ነውር አይደለም። በብዙ አገር የሚደረግ ነው፤ አገር በጭንቅ ላይ ስትሆንም ሊያስመሰግን ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው። የፓርቲው መሪ የካቢኔ አባል ሲሆን የመንግሥትን ውሳኔ የመከላከል ግዴታ ይመጣበታል። እንግዲያ ፓርቲው መንግሥትን የሚቃወምበት ነገር ሲኖር በማን አፍ ይናገር? አባሉ ይህን መጠየቁ ክፋት አይደለም። መልሱ በደንቡ መቀመጥ አለበት።

የአብንን ታሪክ ደግሞ በሙሉ እንይ። ከአንድ ፓርቲ አንዱ ሚኒስትር ሆነ። የዚያው ፓርቲ የፓርላማ ተመራጭ አቶ ክርስቲያን ታደለ ደግሞ በ2015 ክረምት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን ታሰሩ። ጸሐፊው ከዚህ "ዝም ያለ ያተርፋል" የሚል ትምህርት ያወጣሉ። ለግለሰቡ ትርፍ ሊሆን ይችላል። ለመራጩስ? የመረጠው ሰው ስለ እሱ ጉዳይ ሲናገር ከታሰረ፣ ሌላው ደግሞ እንዳይታሰር ዝም ካለ፣ መራጩ ከሁለት ያጣ ሆነ።

መራጩ ማነው ብትሉ ሩቅ አትሂዱ። ደብረ ብርሃን ዳር ላይ ያሉትን የተፈናቃዮች ካምፖች እዩ። ከወለጋ የመጡ ቤተሰቦች ለዓመታት በሸራ ሥር ኖረዋል። እዚህ ብርዱ ሌሊት አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ሸራው ላይ አመዳይ ያድራል። ወደ አጣዬ ብትወርዱ በ2013 የነደደው ከተማ አለ። እነዚህ ሰዎች ሕገ መንግሥቱ የአንድ ክልል ባለቤት ማነው ይላል፣ ሌላ ክልል ውስጥ የሚኖር ኢትዮጵያዊ መብቱ እስከ ምን ነው የሚለውን ጥያቄ የሚያውቁት በንድፈ ሐሳብ አይደለም። ኖረውበታል። "ይህ ጉዳይ ስለሚከፋፍል አንናገርበትም" የሚል መሪ ካምፑ በር ላይ ቆሞ ይህንኑ ቢነግራቸው ምን ይሉታል?

ጊዜውም ለዝምታ አይመችም። የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 የተቋቋመው በእነዚሁ ልዩነት በበዛባቸው ጉዳዮች ላይ አገሪቱ እንድትመክር ተብሎ ነው። ስለ ኮሚሽኑ ገለልተኝነት የሚነሳው ጥያቄ ሰፊ ነው፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ልተወው። ግን ፓርቲዎች አቋማችሁን አምጡ በተባሉበት ዘመን፣ ምርጫ እስክናሸንፍ አናወራም ማለት ምን ማለት ነው? መራጩስ ምን ብሎ ይመርጣቸዋል? አቋሙን የደበቀ ሰው ቢያሸንፍ እንኳ በዚያ ጉዳይ ላይ የሕዝብ ይሁንታ አላገኘም። ጸሐፊው በመጀመሪያ ነጥባቸው በፕሮፌሰር አስራት ላይ ያነሱት የውክልና ክስ ዞሮ የሚመጣው በእንዲህ ያለ መሪ ላይ ነው።

በአንድ ነገር ልስማማላቸው። አቋም ማውጣት ማለት በየቀኑ ማይክ ይዞ ማቀጣጠል አይደለም። ዛሬ አንዳንድ የተቃዋሚ መሪዎች መግለጫቸውን የሚጽፉት ለጭብጨባ ነው። ምክንያት የለውም፣ አማራጭ የለውም፣ ሌላው ወገን ምን ይላል የሚለውን አይመልስም። እንዲህ ያለው ንግግር ቢቀንስ አገር አይጎዳም። ጸሐፊው ይህ ካስመረራቸው ምሬታቸው ይገባኛል።

እኔ ከመሪዎቹ የምፈልገው ውስን ነው። ኢዜማም አብንም መኢአድም ሌሎቹም፣ ምርጫ ሲደርስ ሰሜን ሸዋ መጥተው ድምፅ ሲጠይቁን ሦስት ነገር በጽሑፍ ይመልሱልን። አንቀጽ 39 ይቆይ ይላሉ ወይስ ይሻሻል፣ ከተሻሻለስ በምን ይተካ? የባሕር በርን በምን መንገድ እናገኛለን ይላሉ፤ በድርድር ከሆነ ምን ሰጥተን ምን ተቀብለን? የተፈናቀለው ሰው ወደ ቀዬው ይመለሳል ይላሉ ወይስ ባለበት ይቋቋም፣ ካሳውንስ ማን ይክፈል? መልሳቸው ከእኔ ሐሳብ ጋር ባይገጥም ቅር አይለኝም፤ የማይስማማኝን ፓርቲ በስሙ አውቄ ድምፄን እነሳዋለሁ።